ቶሎ የወለቀው ኮርቻ

«አንድ ወታደር ነበረ» አሉ እማሆይ አስካለ፣ ጥያቄዬን ገና ሳልጨርስ።

እኔ የጠየቅኋቸው ስለ ባሌ ነበር። ይርዳው አሥራ ስድስት ዓመት ወታደር ሆኖ ኖሮ ዘንድሮ ልብሱን መልሶ ጡረታ ወጣ። አሁን በሰፈራችን መዋዕለ ሕፃናት በር ይከፍታል፤ ይዘጋል። የልጆቹን የጫማ ክር ያስራል። ዕቃ ለሚያመላልሱ መኪኖች አጃቢ የሚቀጥር አንድ ድርጅት ደግሞ የአጃቢዎቹ አለቃ ሁንልን ይለዋል። መንገዱ ያስፈራል፤ ደመወዙ ግን ብዙ ነው። እሱ አልሄድም አለ። ሰዎቹ እሱን ትተው ለእኔ ደወሉ፤ አሳምኚውና እስከ ነገ መልስ ስጪን አሉኝ። ልጄን አዝዬ እማሆይ ዘንድ የሄድኩት ለዚህ ነው።

«እማሆይ፣ ልገፋፋው ወይ? እንቢ ካለም እንደ ጡረተኛ ቤቱ አርፎ ይቀመጥ። ይሄ የመሃል ነገር ምንድን ነው? ወኔው ከድቶት ይሆን እያልኩ እጨነቃለሁ። ጎረቤቱም ይስቅብናል…» እያልኩ ሳለሁ ነው የጀመሩት። መቁጠሪያቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና እንዲህ ብለው ነገሩኝ።

አንድ ወታደር ነበረ። ጢም ሳያበቅል ዘምቶ፣ ሽበት ሲጀምረው ተመለሰ። በሠራዊቱ ውስጥ መቶ ሰው ያዝዝ ነበር። አገሩ ማሽላ የሚበቅልበት ቆላ ነው። ሚስቱ በመጨረሻው ፈቃዱ ጊዜ ያረገዘችውን ልጅ ወልዳ ጠበቀችው።

መጀመሪያ ሁለት ወር ቤቱ ተቀመጠ። ዘመዱ ሁሉ «በቃህ፣ አሁን ዕረፍ» አለው። ሚስቱም ምንም አላስነካችውም፤ የሚጠጣውን ውሃ እንኳ ቀድታ እጁ ላይ ታኖርለት ነበር። እሱ ግን አላረፈም። ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ይውላል። የድስት ክዳን ከወደቀ ብድግ ይላል። ልጁ ሲያለቅስ ይጮህበታል። ከጮኸበት በኋላ ደግሞ ያፍርና እህል ሳይቀምስ ይውላል። ሚስቱ ልጁን ይዛ ጓሮ ትገባለች። «ገና ስላልለመደን ነው» ትላለች ለራሷ።

ማሽላው ማሸት ሲጀምር አንድ ገበሬ ወፍ የሚጠብቅለት ሰው ፈለገ። በዚያ አገር ወፍ መጠበቅ የልጆች ሥራ ነው። በእርሻው መሃል እንጨት ተተክሎ ማማ ይሠራል፤ ልጆቹ እዚያ ላይ ወጥተው በወንጭፍና በጅራፍ ግሪሳ ሲያባርሩ ይውላሉ። ይህ ገበሬ ግን ልጅ አልነበረውም። ወታደሩ ይህን ሰማና ሄዶ «እኔ ልጠብቅልህ» አለው።

ገበሬው ቀልድ መስሎት ሳቀ። ኋላ ፊቱን አየና መሳቁን ተወ።

«ለመሆኑ ምን ልክፈልህ?» አለው።

«ለልጅ የምትከፍለውን።»

ወታደሩ ማማው ላይ ወጣ። ወንጭፍ አልያዘም። ጅራፍማ ጨርሶ አልነካም፤ ጅራፍ ሲጮህ የሚያስታውሰው ነገር አለ። በማሽላው መሃል ረጅም ገመድ ዘረጋና ደረቅ ቅል አንጠለጠለበት፤ በየቅሉ ውስጥ ጠጠር አደረገ። ግሪሳው ሲመጣ ገመዱን ይስባል። ቅሉ ይንኳኳል። ወፉ ይነሣል። ሥራው ይኸው ነበር።

መንገደኛው ሁሉ ሳቀበት። ገበያ የሚሄዱ ሴቶች ከታች ቆመው ወደ ላይ ያንጋጥጣሉ።

«የመቶ አለቃ፣ ዛሬ ስንት ማረክ?»

«አንድ ሺህ መጡ፣ አንድ ሺህ ሄዱ» ይላል እሱ። «የሞተ የለም።»

«ጅራፍስ ምነው? ፈራኸው እንዴ?»

«አዎ» ይላቸዋል።

እነሱም ወደ ገበያቸው ያልፋሉ።

ሚስቱ ግን አልሳቀችም። ምሳውን ስታደርስለት ከመንገደኛ ጋር ላለመገናኘት በማሽላው ውስጥ ተሹለክልካ ነበር የምትሄደው። ለልጅ የሚከፈል እህል ጎተራ አይሞላም። ክረምቱ ሲገባ ልጄ ምን ይበላል እያለች ትፈራ ነበር። እናት ናትና በሆነውም ባልሆነውም ትፈራለች። አንድ ቀን አላስችላት አለና ማማው ሥር ቆመች።

«ስማኝ» አለችው። «ወይ እንደ ወንዶቹ ሥራ፣ ወይ ውረድና ቤትህ ዕረፍ። እኔ ሁለቱንም እችላለሁ። ይሄን ግን አልቻልኩትም።»

«እዚህ ሆኜ አራቱንም ማዕዘን አያለሁ» አላት። «ከኋላዬ የሚመጣ የለም።»

«ወፍ ነው ከኋላህ የሚመጣው?»

«እሱም ቢመጣ ወፍ ነው።»

አልገባትም። የምሳውን ዕቃ ይዛ ሄደች።

የአንድ ቀን ዳገት ወጥቶ፣ ደጋው ላይ፣ አንድ ሀብታም ነጋዴ ይኖር ነበር። ጨው በበቅሎ እያስጫነ በበረሃ ያሻግራል። በረሃው ሽፍታ አለበት። ነጋዴው የወታደሩን መመለስ ሲሰማ ሰው ላከበት። «ጠመንጃ እሰጠዋለሁ፤ ሃያ ሰው ይዞ ጭነቴን ያጅብልኝ፤ እኔ ጎተራውን እሞላለታለሁ» አለ። ወታደሩ መልስ አልሰጠም። ነጋዴው ደግሞ ላከ፤ «እስከ ቅዳሜ እጠብቀዋለሁ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ሰው እይዛለሁ» አለ።

ሚስቱ ይህን ይዛ አሰበች። «እኔ ሄጄ በሽማግሌ ፊት ይመጣል ብዬ ቃል ብሰጥለት ሚስቴን አላዋርድም ብሎ ይሄዳል» አለች። ከአክስቷ በቅሎ ተዋሰች። ለባሏ ግን ዘመድ ልጠይቅ ነው አለችው። ዓርብ ማለዳ ልጇን አዝላ፣ በቅሎዋ ላይ ተቀምጣ ዳገቱን ያዘች።

ዳገቱ ረጅም ነው፤ ፀሐዩም ከረር ያለ ነበር። በቅሎዋ እናትና ልጅ ተሸክማ ሳታንገራግር ወጣች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነጋዴው ግቢ ሲደርሱ በላብ ርሳ፣ አንገቷ ላይ አረፋ ደርቆ ነበር። ደጋው ደግሞ ነፋሻ ነው፤ ሰው ጋቢ ለብሶ የሚውልበት። ነጋዴው የለም፣ ነገ ጠዋት ከገበያ ይመለሳል አሏት። በቅሎ የሚንከባከበው የጋጣው ሽማግሌም ከብት ውሃ ሊያጠጣ ወርዶ ነበር።

ሴትዮዋ ልጇን ከጀርባዋ ፈታች። ቀኑን ሙሉ የተሸከመው ጀርባዋ ቅልል ብሏት እፎይ አለች። ዞራ በቅሎዋን ስታያት አሳዘነቻት። «ላንቺም እንደኔ ይቅለልሽ» አለችና የኮርቻውን ጠፍር ፈታች። ኮርቻውን ከሥሩ ከተነጠፈው ግላስ ጋር አወለቀችላት። አባቷ ቤትም ባሏም ቤት በቅሎ ኖሮ አያውቅም፤ የምታውቀው ነገር አልነበረም። ነፋሱ ሲነካት በቅሎዋ ከራስ እስከ እግሯ ተንቀጠቀጠች። ለሴትዮዋ ግን በቅሎዋ ደስ ያላት መሰላት።

ጠዋት ወደ ጋጣው ስትገባ የበቅሎዋ ጀርባ ሁለት ቦታ ላይ እንደ ቡጢ አብጦ ጠበቃት። እጇን ስታስጠጋ በቅሎዋ ጆሮዋን ወደ ኋላ ጥላ ሸሸቻት። የጋጣው ሽማግሌ በሩ ላይ ቆሞ ያያል።

«ኮርቻውን ያወለቀላት ማነው?» አለ።

«እኔ ነኝ፣ አባቴ።»

«ወዲያው እንደ ደረስሽ?»

«አዎ፣ ወዲያው። አሳዘነችኝ።»

«ማዘኑንስ አዝነሻል» አላት ሽማግሌው። «አዝነሽ ነው የመታሻት።»

ሴትዮዋ የሚላት አልገባትም። እሱም እጇን ይዞ ወደ ግቢው ማዶ ወሰዳት። ነጋዴው ከሰዎቹ ጋር ከገባ ጥቂት ቆይቷል፤ የተሳፈሩባቸው ሦስት በቅሎዎች በላብ ርሰው ድርቆሽ ይበላሉ። ሰዎቹ ወርደዋል፤ ዕቃው ሁሉ ወርዷል። ኮርቻቸው ግን አሁንም በላያቸው ነው። ጠፍሩ ብቻ ላልቶ ሆዳቸው ሥር ተንጠልጥሏል።

«እነዚህስ አልደከማቸውም?» አለች ሴትዮዋ።

«ደክሟቸዋል እንጂ። ግን ሲጫን የዋለ ጀርባ የጋለ ነው። ድንገት ካራቆትሽው ብርድ ይገባበታል። ያብጣል፤ ከዚያ ይቆስላል። ዳገቱ ያልገደላትን በቅሎ ዕረፍቱ ይገድልብሻል። ስለዚህ ከባዱን ታወርጂላታለሽ፤ ቀላሉን ትተይላታለሽ። እሷ እኮ ይሄን ኮርቻ አሁን እንደ ጭነት አታየውም። ልብሷ ነው።»

ይህን ብሎ እጁን በአንደኛዋ በቅሎ ኮርቻ ሥር አስገባና ዳሰሳት። «ገና ትኩስ ናት» ብሎ ተዋት። ሁለተኛዋንም ዳሰሳት፤ ተዋት። ሦስተኛዋን ሲዳስስ ቆየት አለና «ይቺ በርዳለች» ብሎ ጠፍሯን ፈታላት።

«ታዲያ የኔን ምን ላድርጋት?» አለች ሴትዮዋ። «መልሼ ልጫናትና ቀስ ብዬ ልሂድ?»

«አሁን ኮርቻ ከጫንሽባትማ ገጣባ ሆና ትቀራለች። ከዚያ በኋላ ለማንም አትሆንም።»

ሴትዮዋ እዚያው ቆማ ቀረች። ልጇ ጀርባዋ ላይ ይንፈራገጣል፤ አላባበለችውም። ሁለቱን ወር አሰበች። ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ በሩን የሚያየውን ባሏን አሰበች። ዕረፍ፣ ምንም አትንካ እያለች ራሷ ነበረች ያራቆተችው። ከዚያ ማማው ትዝ አላት። ማማው ላይ ከወጣበት ቀን ወዲህ ልጁ ላይ አንድ ቀን አልጮኸም። ይህን ልብ ያለችው ገና ያን ጊዜ ነው። ለካ ምሳ በምታደርስለት ቀን ሁሉ አጠገቧ የነበረ ነገር ነው፤ እሷ ግን በማሽላው ውስጥ ስትሸሸግ አላየችውም።

ነጋዴው አስጠራት። አዳራሹ ውስጥ ከሦስት ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጧል።

«የወታደሩ ሚስት አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ ጌታዬ።»

«እህ፣ ባልሽ ይመጣል?»

ጎተራው ታያት። ክረምቱም ታያት። ሽማግሌዎቹ ጆሮአቸውን ሰጥተው ይጠብቃሉ፤ እዚያ የተባለ ቃል አይመለስም።

«አይመጣም» አለች።

«ይሄን ሁሉ ዳገት የወጣሽው አይመጣም ልትይኝ ነው?»

«ይመጣል ልል ነበር የወጣሁት።»

«ታዲያ ማን ከለከለሽ?»

«በቅሎዋ» አለች።

ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ ሽማግሌ «ምስኪን፣ የቆላ ሰው ናት፤ ብርዱ ነክቷታል» አለና ሳቁ። ነጋዴውም ትኩስ ነገር ስጧትና ትሂድ ብሎ አሰናበታት።

እሷም ልጇን በጀርባዋ አጥብቃ አዘለች። ኮርቻውን በራሷ ላይ ተሸከመች። በቅሎዋን ጀርባዋን ባዶ አድርጋ እየሳበች ቁልቁለቱን ያዘች። አንገቷ ተሰበረ እስኪመስላት ደከማት። ሁለት ጊዜ ቁጭ ብላ ልጇን አጠባች። አንድ ገበሬ መንገድ ላይ አገኛትና ቆሞ አያት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ኮርቻው የማነው?» አላት።

«የሷ ነው።»

«እና ምነው አንቺ ተሸከምሽው?»

«ዛሬ የኔ ተራ ነው» አለችውና አለፈች።

ባሏ ማማው ላይ ሆኖ ገና ከሩቅ አያት። አራቱን ማዕዘን ያያል ብዬሽ የለም? ወርዶ ሮጠ። ኮርቻውን ከራሷ ላይ አወረደላት። ከዚያ በቅሎዋን ዞሮ አያት፤ ወታደር ነውና በቅሎ ያውቃል።

«ቶሎ አወለቅሽባት» አለ።

«ቶሎ አወለቅሁባት።»

«የት ወጥተሽ ነው?»

ሁሉንም ነገረችው። ዘመድ ልጠይቅ ብላ መዋሸቷንም፣ ቃል ልትሰጥበት መሄዷንም፣ ነጋዴውን አይመጣም ማለቷንም። አልተቆጣም። የበቅሎዋን አንገት ያሻሽ ጀመር።

«ዘንድሮ እህል ያጥረናል» አላት በመጨረሻ።

«ያጥረናል» አለች።

ወዲያው ግሪሳ ማሽላው ላይ እንደ ደመና ወረደ። እሱ ወደ ማማው ሮጠ፤ እሷም ልጇን እንዳዘለች ተከትላው ወጣች። ከዚያ በፊት ወጥታበት አታውቅም። ከገበያ የሚመለሱት ሴቶች ሥሩ ሲደርሱ ቀና ብለው ሁለት ሰው አዩ።

«የመቶ አለቃ፣ ጦር ጨመርክ እንዴ?» አሉት።

«ቦታ የለንም፣ እለፉ» አለቻቸው ሚስቱ ከላይ ሆና።

እማሆይ ይህን ብለው ወደ እኔ ዞሩ። ልጄ እንቅልፍ ወስዶት ነበር፤ ነጠላውን ሳብ አድርገው ፊቱን ከዝንብ ሸፈኑልኝ።

«እንግዲህ ልጄ፣ ወታደሩ ባልሽ ነው፤ በቅሎዋም እሱው ነው። አሥራ ስድስት ዓመት የተጫነ ጀርባ ይዞ ነው ቤትሽ የገባው። ቤቱ አርፎ ይቀመጥ ስትይ ኮርቻውን በነፋስ መሃል ማውለቅሽ ነው። ለአጃቢዎቹ ስትሰጪው ደግሞ ባበጠው ላይ መጫንሽ ነው። ሁለቱንም አዝነሽለት ነው የምታደርጊው፤ አውቅልሻለሁ። በር መክፈቱ፣ የሕፃን ጫማ ማሰሩ የላላው ጠፍር ነው። መሃል ላይ ቀረ ብለሽ አትፈሪ፤ መሃሉ ላይ ነው የሚድነው። ወኔው ከድቶት ይሆን ትያለሽ። ወኔ የከዳው ሰው ጎረቤት እየሳቀበት በየማለዳው ተነሥቶ በር አይከፍትም።»

«እስከ መቼ ነው ታዲያ፣ እማሆይ?» አልኳቸው። «ልጅ አለን። ኑሮውም እንደምታዩት ነው።»

«ኑሮው ይከብዳል፤ እሱን አልዋሽሽም። ዘንድሮ ትቸገራላችሁ። እስከ መቼ ለሚለው ግን እኔም አላውቅ፣ አንቺም አታውቂ። የጋጣው ሽማግሌ ቀን አልቆጠረም፤ በእጁ ነው የዳሰሰው። ነገ ሲደውሉልሽ አይመጣም በያቸው። ከዚያ ባልሽን ስለ ሥራው አትጠይቂው። ሲበላ እዪው፤ ልጁን ሲያቅፍ እዪው፤ በር ሲንኳኳ እንዴት እንደሚዞር እዪው። ገና ትኩስ ከሆነ ተይው። የበረደ ዕለት ጠፍሩን ፍቺልኝ የሚልሽ እሱ ራሱ ነው።»